ስፔን ከውቅያኖስ ማዶ ሆና አሜሪካን ሦስት መቶ ዓመት እንዴት ገዛች?

መምህርት ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ስፔን የአሜሪካ ወረራ ሳስተምር፣ ፍራንሲስኮ ፒሳሮ በ1532 በካሃማርካ አደባባይ የኢንካውን ንጉሥ አታሁዋልፓን የማረከው 168 ሰዎች ብቻ ይዞ እንደነበር ነገርኋቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፈረሱን፣ ብረቱን፣ ፈንጣጣውን፣ በኢንካ ወንድማማቾች መካከል የነበረውን ጦርነት ዘረዘርሁ። ጨርሼ ጠመኔውን ሳስቀምጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ማሸነፋቸው ገባኝ። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት መቶ ዓመት ያህል እንዴት ገዙ? በየመንደሩ ወታደር ነበራቸው?»

በየመንደሩ ወታደር እንዳልነበራቸው አውቃለሁ። ከዚያ ያለፈ መልስ ግን አልነበረኝም። የምናስተምርበት መጽሐፍ ድሉን ከተረከ በኋላ ዘልሎ ወደ ነፃነት ጦርነቱ ይገባል፤ መካከሉ ጥቂት መስመር ነው። ሰኞ መልስ ይዤ እመጣለሁ ብያታለሁ። የምታውቁትን አካፍሉኝ፤ ስም፣ ቦታና ቁጥር ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል። ይህቺ ልጅ በአጠቃላይ ንግግር የምትረታ አይደለችም።

የሕግ ባለሙያ

መምህርት፣ ተማሪዎ ትልቁን ጥያቄ ነው የጠየቀችው። እኔ ከመዋቅሩ ልጀምር፤ ሌሎች ሥጋውን ያልብሱታል።

ንጉሡ ያለው ስፔን ነው። ከሥሩ በ1524 የተቋቋመው የኢንዲስ (ስፔኖች የአሜሪካ ግዛታቸውን የሚጠሩበት ስም ነው) ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፣ ሹም ያጫል፣ የመጨረሻውን ይግባኝ ይሰማል። ንግዱን በ1503 ሴቪል ላይ የተከፈተው የንግድ ቤት ይቆጣጠራል፤ ያለ እርሱ ፈቃድ መርከብም ሰውም ባሕሩን አይሻገርም። በአሜሪካ ምድር ሁለት እንደራሴዎች ተቀመጡ፤ አንዱ ከ1535 ጀምሮ በሜክሲኮ፣ ሌላው ከ1540ዎቹ ጀምሮ በሊማ። ከእንደራሴው ጎን «አውዲየንሲያ» የተባለ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፤ ይፈርዳል፣ እንደራሴውንም በዓይነ ቁራኛ ያያል። በፔሩ ከ1565 ወዲህ በየአውራጃው ግብር የሚሰበስብና የሚዳኝ «ኮሬሂዶር» የተባለ ገዢ ተሾመ። ሹም ዘመኑን ሲጨርስ «ሬሲደንሲያ» የተባለ ምርመራ ይከፈትበታል፤ የተበደለ ካለ ቀርቦ ይክሰሰው ተብሎ ዐዋጅ ይነገራል።

ይህን ሁሉ ቁጥጥር የወለደው ንጉሡ የራሱን ድል አድራጊዎች መፍራቱ ነው። እነ ፒሳሮ አገሩን በጦራቸው ስላገኙት የራሳቸው መስሎ ታያቸው። ካርሎስ አምስተኛ በ1542 አዲስ ሕግ አውጥቶ ነባሩን ሕዝብ ባሪያ ማድረግን ከለከለ፤ ለወራሪዎቹ የታደለው የገባር ሕዝብም ወደ ልጅ እንዳይወረስ አዘዘ። ብላስኮ ኑኜስ ቬላ ይህን ሊያስፈጽም የመጀመሪያው እንደራሴ ሆኖ ፔሩ ገባ። የፒሳሮ ወንድም ጎንሳሎ አመፀበት፤ በ1546 ኪቶ አጠገብ በተደረገው ውጊያ እንደራሴው ተገደለ። ጎንሳሎም በ1548 ተሸንፎ አንገቱን ተቀላ። ልብ በሉ ግን፤ ጎንሳሎ ከመሞቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1545፣ ንጉሡ ውርሱን የከለከለውን አንቀጽ ሰርዞት ነበር። አመፀኛው ሞተ፣ የአመፁ ዓላማ ግን ግማሹ ተሳካ።

በቅኝ ግዛቱ ሹማምንት ዘንድ የታወቀ አንድ ቀመር ነበር፤ «እታዘዛለሁ፣ ግን አልፈጽምም»። ሹሙ የንጉሡን ደብዳቤ ተቀብሎ ይስመዋል፣ በራሱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ሕጉ ለአገሩ እንደማይስማማ ጽፎ ይመልሰዋል። ደብዳቤው ባሕር ተሻግሮ መልስ እስኪመጣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ያልፋል።

ታሪክ ወዳጅ

ይህ ሁሉ መዋቅር ጥሩ ነው፤ ሥራውን የሠራው ግን በሽታ ነው። ሕዝቡ በፈንጣጣና በኩፍኝ ካለቀ በኋላ ማን ይቀራል የሚገዛ? ለተማሪዋ ይህን መንገር ይበቃል።

የማዕድን መሐንዲስ

ወንድሜ ታሪክ ወዳጅ፣ የበሽታውን መጠን አልክድም። በዛሬዋ ፔሩ ምድር ከወረራው በፊት 9 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደነበረና በ1620 ወደ 600,000 እንደወረደ የሚገምቱ አሉ፤ ግምቶቹ ይለያያሉ፣ የውድቀቱ አስፈሪነት ግን አያከራክርም። ነገር ግን በሽታ ማዕድን አይቆፍርም። ሕዝቡ ሲያልቅ ስፔን የፈለገችው የሰው ጉልበት አልቀነሰም፤ ይልቁንም ጨመረ። እንዴት እንደጨመረ ልንገራችሁ፤ ሙያዬ ስለሆነ በዝርዝር ብጽፍ አትታዘቡኝ።

በዛሬዋ ቦሊቪያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ፖቶሲ የምትባል ከተማ አለች። ከራስጌዋ ሴሮ ሪኮ፣ ትርጉሙ «ባለጸጋው ተራራ»፣ ቆሟል። በ1545 ብር ተገኘበት። የመጀመሪያዎቹ 25 ዓመታት ሥራ ዛሬ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። ከላይ ያለው ማዕድን እጅግ የበለጸገ ስለነበር በእሳት ይቀልጥ ነበር፤ የሚያቀልጡትም ነባሮቹ ሕዝቦች ራሳቸው ነበሩ። «ዋይራ» የምትባል ጎኗ የተበሳሳ ትንሽ የሸክላ ምድጃ አለቻቸው፤ በኮረብታው ዳገት ላይ ሲያቆሟት የማታው ነፋስ እሳቱን ያናፋዋል። ስፔኖች በራሳቸው ወናፍ ሞክረው አልሆነላቸውም። ስለዚህ ማዕድኑ የስፔኖች፣ የማቅለጥ ዕውቀቱ የነባሮቹ ነበር፤ ባለሙያዎቹም ድርሻቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር።

በ1560ዎቹ ያ ሀብታም ማዕድን አለቀ። የቀረው ጥራቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ዋይራ አያቀልጠውም። መፍትሔው ባርቶሎሜ ደ ሜዲና በ1554 በሜክሲኮ ፓቹካ የሠራበት ዘዴ ሆነ፤ ማዕድኑን አልሞ መፍጨት፣ ከጨውና ከባዜቃ ጋር ማቡካት፣ ባዜቃው ብሩን ሲይዘው አጥቦ፣ በመጨረሻ ባዜቃውን በእሳት ማባረር። ባዜቃው ፔሩ ውስጥ ሁዋንካቬሊካ ላይ ተገኝቶ ነበር። ሁሉም የተገጣጠመ መሰለ። አሁን ግን ድንጋዩን የሚፈጭ ወፍጮ ያስፈልጋል፤ ወፍጮውን የሚያዞር ውኃ ያስፈልጋል፤ ለውኃው ግድብ፤ ለግድቡ፣ ለወፍጮውና ለጉድጓዱ በሺህ የሚቆጠር ሰው። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ከፍታ፣ ወዶ የሚመጣ ሰው አልበቃም።

እንደራሴው ፍራንሲስኮ ደ ቶሌዶ (በ1569 ፔሩ የገባው) የሰውን ጉዳይ በዐዋጅ ፈታው። ከ1573 ጀምሮ በፖቶሲ ዙሪያና ከዚያም ርቀው ያሉ 16 አውራጃዎች ለአካለ መጠን ከደረሱ ወንዶቻቸው ከሰባት አንዱን በየዓመቱ እንዲልኩ አዘዘ። ቁጥሩ 13,500 ያህል ነው። «ሚታ» ይባላል። ቃሉ የኢንካዎች ነው፤ «ተራ» ማለት ነው። የብሩ ምርት በሃያ ዓመት ውስጥ ብዙ እጥፍ አድጎ በ1590ዎቹ መጀመሪያ ከፍተኛው ጣሪያ ላይ ደረሰ። ከዚህ ላይ አንድ አምስተኛው ለንጉሡ ነው።

መምህርት ከደብረ ብርሃን

መሐንዲሱ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ሚታ የሚለውን ቃል ሰምቼ አውቃለሁ፤ የባዜቃው ጣጣ እንዳመጣው ግን ዛሬ ገና ተረዳሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ለሰዎቹ ይከፈላቸው ነበር? ደግሞስ ከየመንደሩ ሰባተኛውን ሰው ማን መርጦ ያመጣዋል? የልጅቷ ጥያቄ እኮ እዚያው ነው ያለው።

ነዋሪ በሴቪል

መምህርት፣ እኔ የምኖረው ሴቪል ነው። የኢንዲስ ጠቅላላ ቤተ መዛግብት፣ በ1785 የተቋቋመው፣ ከካቴድራሉ ጎን ይገኛል፤ በየቀኑ በደጁ አልፋለሁ። የዚያን ግዛት ወረቀት የያዘ ሕንፃ ነው፤ የልጅቷ ጥያቄ መልስ ከወታደር ሰፈር ይልቅ እንዲህ ባለ የወረቀት ክምር ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ከየመንደሩ እነማን ግብር ከፋይ እንደሆኑ፣ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ፣ ማን ሞተ፣ ማን ጠፋ፤ ሁሉም በስም ይመዘገብ ነበር።

ቶሌዶ ከሚታው በፊት ያደረገው ነገር ይህን ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። አገሩን ለዓመታት እየዞረ አስቆጠረ። በየሸለቆውና በየሸንተረሩ ተበታትኖ ይኖር የነበረውን ሕዝብ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆነውን አፍልሶ በአዳዲስ መንደሮች አሰፈረ። እነዚህ መንደሮች ሁሉም አንድ መልክ ናቸው፤ መካከል ላይ አደባባይ፣ በአደባባዩ ቤተ ክርስቲያን፣ የምክር ቤት፣ እስር ቤት፣ ከዚያ ቀጥ ያሉ መንገዶች። የአንዲስ ገበሬ አንድ እግሩን በቆላ በቆሎ ላይ፣ አንድ እግሩን በደጋ ድንች ላይ አድርጎ ነበር የሚኖረው፤ ይህ ሰፈራ ያን ኑሮ ሰበረው። ለቆጣሪው ግን አመቸ።

ሰባተኛውን ሰው የሚመርጠው «ኩራካው» ነው፤ የገዛ ባላባታቸው። ኩራካው ከግብር ነፃ ነው፣ በፈረስ ይቀመጣል፣ ልጁ በመነኮሳት ትምህርት ቤት ይማራል። በምላሹ ግብሩንና ሰዉን ቆጥሮ ያስረክባል። ጎደለ ማለት ከኪሱ ይከፍላል፤ ካልሆነ ይታሰራል፣ ከብቱ ይሸጣል። አንድ ኮሬሂዶርና ጥቂት ጸሐፊዎች በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚያዙት በዚህ መንገድ ነው።

ይከፈላቸው ነበር ወይ ላሉት፣ አዎን፣ በቶሌዶ ደንብ ከመሬት በታች ለሚሠራ በቀን 3 ሬያል ተኩል ነበር። በፈቃዱ የተቀጠረ ሠራተኛ ግን ከዚያ የበለጠ ያገኛል። የመንገድ አበል ይከፈል የሚል ትእዛዝም በተደጋጋሚ ወጥቷል፤ አዘውትሮ የተከፈለ ግን አይደለም። ከቲቲካካ ሐይቅ ዳር ከቹኩይቶ የሚነሡት ፖቶሲ ለመድረስ ሁለት ወር ይጓዛሉ። ሚስትና ልጆች፣ የደረቀ ድንች፣ ስንቅ የተጫኑ ላማዎች አብረው ይሄዳሉ። በዘመኑ ያየ አንድ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ የአንድ ጊዜውን ጉዞ 7,000 ያህል ነፍስ ሲል ገምቶታል። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሳምንት ግዳጅ፣ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ይባላል፤ ምግቡ በፖቶሲ ዋጋ ስለሚገዛ በዕረፍቱም ተቀጥረው ይሠራሉ። ጉድጓድ ውስጥ ሻማ በአውራ ጣት ላይ ታስሮ፣ ማዕድን በጀርባ ተሸክሞ፣ ከቆዳ ጠፍር በተሠራ መሰላል ወደ ላይ። አፉ ላይ ሲደርስ ላብ ያጠመቀውን ሰውነት የተራራው ብርድ ይቀበለዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ልጨምር። ሕዝቡ እያነሰ ሲሄድ ኩራካዎቹ የጎደለውን ሰው በገንዘብ መተካት ጀመሩ። ማዕድን ባለቤቱ በገንዘቡ ሌላ ሠራተኛ መቅጠር ነበረበት፤ ብዙዎቹ ግን ማዕድናቸው ተሟጦ ስለነበር ገንዘቡን ዝም ብለው ኪሳቸው ይከቱ ነበር። እነዚህን በገንዘብ የተተኩ ሰዎች «የኪስ ኢንዲዮዎች» ይሏቸዋል፤ ኢንዲዮ ስፔኖች ነባሩን ሰው የሚጠሩበት ስም ነው። ከመንደር አንድ ሰው ሊላክ ይገባ ነበርና ስለ እርሱ ይከፈላል፤ አንድም ድንጋይ ግን አልተፈለጠበትም።

ጡረተኛው ከጎንደር

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብሁ። የሕግ ባለሙያው «ለወራሪዎቹ የታደለው የገባር ሕዝብ» ያለው ነገር ለተማሪ ግልጽ እንዲሆን አንድ ነገር ልበል። «ኤንኮሚየንዳ» ይሉታል። ብዙ ሰው መሬት ማደል ይመስለዋል። በሕጉ መሬቱ አይሰጥም፤ የሚሰጠው የሕዝቡ ግብርና ጉልበት ነው፤ ተቀባዩም ሕዝቡን ሊጠብቅና ክርስትና ሊያስተምር ግዴታ አለበት። እኛ ርስትና ጉልት ብለን በምንለየው ቢታሰብ ወደ ጉልቱ ያደላል። ይህን ያየ ተማሪ ቶሎ ይገባዋል።

የሕግ ባለሙያ

አባታችን፣ ምሳሌው ለመግቢያ ይጠቅማል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ነበር የተረዳሁት። ነገር ግን እዚያው እንዲያቆም እፈልጋለሁ። ኤንኮሚየንዳ የተቀበለው ሰው የሕዝቡን ቋንቋ አያውቅም፣ አምላካቸውን ጣዖት ይለዋል፣ ዳኛውም ጸሐፊውም ከእርሱ ወገን ነው። እንዲያውም በ1513 የተጻፈ አንድ ሰነድ ነበር፤ የስፔን ወታደሮች ከመውጋታቸው በፊት እንዲያነቡት የታዘዘ። የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ይህን ምድር ለስፔን ነገሥታት ሰጥቷል፤ ተቀበሉ፤ ካልተቀበላችሁ ለሚደርስባችሁ ጥፋት ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ ይላል። በስፔንኛ ነው የሚነበበው፤ አንዳንዴም ሰሚ በሌለበት።

ታሪክ ወዳጅ

ስለ በሽታው ያልሁትን አንስቻለሁ፤ ትክክል ናችሁ። አንድ ጥያቄ ግን ይቀረኛል። ስፔኖች ቢያንስ ሕግ ነበራቸው፤ መነኮሳቱም ተከራክረዋል። አንቶኒዮ ደ ሞንቴሲኖስ በ1511 በሂስፓኒዮላ ደሴት ሰፋሪዎቹን ፊት ለፊት «እነዚህ ሰዎች አይደሉምን?» ብሎ ሰብኳል። መነኩሴው ላስ ካሳስ በ1550 በስፔኗ ቫያዶሊድ ወረራውን ከደገፈው ምሁር ከሴፑልቬዳ ጋር ስለ ሰዎቹ መብት ተሟግቷል። እንግሊዞች ይህን እንኳ አላደረጉም። ታዲያ የስፔን አገዛዝ የተሻለ አልነበረም ትላላችሁ?

ከቨርጂኒያ

እኔ የምኖረው እንግሊዞች በ1607 ጄምስታውንን በቆረቆሩበት ግዛት ነው፤ ስለዚህ ስለዚህኛው ልናገር። መጀመሪያ የገዛው ንጉሡ ሳይሆን ኩባንያ ነበር፤ በ1606 የንጉሥ ቻርተር የተቀበለው የቨርጂኒያ ኩባንያ። ብር አላገኙም። ያበለጸጋቸው ትምባሆ ነው፤ ትምባሆ ደግሞ መሬት ይበላል። ስፔን የሕዝቡን ጉልበት ስለፈለገች ሕዝቡን በቦታው አስቀምጣ አስገበረችው፤ እንግሊዝ መሬቱን ስለፈለገች ሕዝቡን ገፋችው። በ1619 ሰፋሪዎቹ የራሳቸውን ምክር ቤት አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት ሃያ የሚያህሉ አፍሪካውያን በመርከብ መጥተው ተሸጡ። በአንድ በጋ ውስጥ የሆኑ ናቸው ሁለቱም፤ እዚህ አገር ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይህን ይማራሉ።

የአካባቢው ነባር የፓሃታን ሕዝቦች ተወግተው ሲሸነፉ በ1646 ውል ገቡ፤ መሬት ተከለለላቸው፣ በየዓመቱም ለገዢው ግብር እንዲያመጡ ተባለ። የማታፖናይና የፓመንኪ ሕዝቦች ያን ግብር ዛሬም ያመጣሉ። በየዓመቱ በኅዳር፣ ከምስጋና በዓል ቀደም ብሎ፣ ሪችመንድ ወዳለው የገዢው ቤት አጋዘን ይዘው ይመጣሉ። የተቀረላቸውን ጥቂት መሬት የያዙት በዚያ ውል ስለሆነ፣ የእነርሱን ድርሻ አንድ ዓመት እንኳ እንዳያጎድሉ ይጠነቀቃሉ።

የትኛው ይሻላል ለሚለው እኔ ፍርድ የለኝም።

ነዋሪ በሴቪል

እኔ ግን አለኝ፤ ታሪክ ወዳጅ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሕጉ መልካም ነበር፣ አስፈጻሚዎቹ ክፉ ነበሩ የሚለውን ነገር እዚህ አገርም ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ሚታውን አስባለሁ። ሚታውን ያወጣው ሌባ ሹም አይደለም። ቶሌዶ ታታሪና ጥንቁቅ አስተዳዳሪ ነበር፤ ደመወዝ ወሰነ፣ የዕረፍት ሳምንት ወሰነ፣ ተቆጣጣሪ ሾመ። ያው ሰው ነው በ1572 የመጨረሻውን የቪልካባምባ ኢንካ፣ ቱፓክ አማሩን፣ በኩስኮ አደባባይ አንገቱን ያስቀላው። ነባሩ ሕዝብ ነፃ ሰው ነው፣ ባሪያ አይደለም የሚለውም፣ ነፃው ሰው በግድ ፖቶሲ ይውረድ የሚለውም ከአንድ ንጉሥ ማኅተም ሥር ነው የወጡት። ንጉሡ የነፍሳቸው ጠባቂም የብሩ አምስተኛ ባለድርሻም ነበር። ሁለቱ ሲጋጩ ሁልጊዜ ብሩ ነው የረታው፤ ያውም በሕግ ቋንቋ።

መነኮሳቱን አላቃልልም። ዶሚንጎ ደ ሳንቶ ቶማስ በ1550፣ ማለትም ሚታው ከመታወጁ ከሃያ ዓመት በላይ በፊት፣ ፖቶሲን የገሃነም አፍ ሲል ለኢንዲስ ምክር ቤት ጽፏል። ምክር ቤቱ ደብዳቤውን ተቀበለ። ከዚያ ሚታው መጣ።

ሌላም አለ። በ1608 ንጉሡ በቺሊ በጦር የሚማረኩ የማፑቼ ዐመፀኞች ባሪያ እንዲሆኑ ፈቀደ። የ1542ቱ ሕግ በቦታው እያለ ነው ይህ የሆነው።

አንባቢ

ስለ ላስ ካሳስ አንድ ነገር እንዳይረሳ። እርሱ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ነባሮቹን ለማሳረፍ ሲል አፍሪካውያን ባሪያዎች ይምጡ ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ኋላ በጣም ተጸጽቶበታል፤ የአፍሪካውያኑም ባርነት ያው ግፍ መሆኑን ጽፏል። ጸጸቱ ግን መርከቦቹን አላቆመም። በአትላንቲክ ላይ ከተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ያህል አፍሪካውያን ወደ አሜሪካ በሕይወት የደረሱት 10.7 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ፖርቱጋል የያዘቻት ብራዚል ብቻዋን 4.8 ሚሊዮን ያህሉን ወሰደች። በፖቶሲም ብሩ ሳንቲም በሚመታበት የገንዘብ ማምረቻ ቤት አፍሪካውያን ባሪያዎች ይሠሩ ነበር። መምህርት፣ ስለ አሜሪካ አገዛዝ ሲያስተምሩ የእነርሱን ነገር በሌላ ምዕራፍ አይተዉት።

መምህርት ከደብረ ብርሃን

አልተወውም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስከ ሌሊት አምስት ሰዓት ማስታወሻ ስይዝ ነበር።

አንድ ያልገባኝ፤ ሰዎቹ አይሸሹም ነበር?

የማዕድን መሐንዲስ

ይሸሻሉ እንጂ፤ እጅግ በብዛት። ግዳጁ የተጣለው በትውልድ መንደሩ በተመዘገበ ሰው ላይ ነው። መንደሩን ለቆ ሌላ ቦታ የሰፈረ «ፎራስቴሮ»፣ መጻተኛ፣ ይባላል፤ ከሚታ ነፃ ነው፣ ነገር ግን መሬቱንም ያጣል። ስለዚህ ሰው መሬቱን እየጣለ ሸሸ። አንዳንዱ ወደማይገደዱት አውራጃዎች፣ አንዳንዱ ወደ ስፔኖች እርሻ። የባሰው ነገር የመንደሩ ኮታ በሸሹት ልክ ቶሎ አለመቀነሱ ነው። የቀሩት የሸሹትን ተራ ይሸከማሉ። ከሰባት ዓመት አንዴ መሄድ የነበረበት ሰው በየሦስት ዓመቱ፣ በየሁለት ዓመቱ ይጠራል። ያኔ እርሱም ይሸሻል።

መምህርት ከደብረ ብርሃን

ሰኞ አለፈ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

የክፍሌ ተማሪዎች 49 ናቸው። የስም ዝርዝሩን ለክፍል አለቃዋ ሰጥቼ ከላይ ወደ ታች እየቆጠረች ሰባተኛውን ሁሉ እንድትጠራ ነገርኋት። ሰባት ልጆች ተነሥተው በጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሙ። እነዚህ ለአንድ ዓመት ፖቶሲ ይሄዳሉ አልሁ። ሲሳሳቁ ነበር። ከዚያ ሁለቱ አልተመለሱም፣ ሦስት ሌሎች ደግሞ በሌሊት ሸሽተዋል አልሁና አምስት ልጆችን ከክፍል አስወጣሁ። በሚቀጥለው ዓመት ስንት ይጠራ? ብዬ ስጠይቅ «ስድስት» አሉ፤ 44ን ለሰባት አካፍለው። አይደለም፣ ዝርዝሩ ላይ 49 ነው ያለው፣ ሰባት ነው አልኋቸው። ሦስት ዙር አደረግነው። በሦስተኛው ዙር ሳቁ አልነበረም፤ የክፍል አለቃዋም ጓደኛዋ ላይ ስትደርስ ስሟን ዘለለችው።

የክፍል አለቃዋ ያችው ጥያቄውን የጠየቀችኝ ልጅ ናት። ስትቀመጥ «በየመንደሩ ወታደር ያላስፈለጋቸው ለዚህ ነዋ፤ እኔን ነበር ያስፈለጋቸው» አለችኝ። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ቀጥላ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፤ «እንደኔ ስም የዘለለ ኩራካ አልነበረም?»

ይህን ለእናንተ አምጥቻለሁ።

ነዋሪ በሴቪል

ነበር፤ ስሙን ትጻፈው። ሆሴ ጋብሪኤል ኮንዶርካንኪ ይባላል። ከኩስኮ በስተደቡብ ቱንጋሱካን ጨምሮ የሦስት መንደሮች ኩራካ ነበር። በቅሎ ጭኖ እስከ ፖቶሲ ድረስ ይነግድ ስለነበር ሚታ የሄዱት ሰዎች ምን እንደሚሆኑ በዓይኑ ያውቃል። ቶሌዶ ያስገደለው የቱፓክ አማሩ ዘር ነኝ ይል ነበር።

መጀመሪያ የሄደው በሕጉ መንገድ ነው። በ1777 ሊማ ወርዶ፣ ከአውራጃው ወደ ፖቶሲ የሚላከው ሰው እንዲቀር በጽሑፍ አመለከተ። ሰው እያለቀ ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ኮታውን የሚሞላ የለም ብሎ አስረዳ። ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም።

በዚያ ላይ ኮሬሂዶሮቹ ሕዝቡ ያልፈለገውን ዕቃ በውድ ዋጋ በግድ ይሸጡበት ነበር፤ ይህም ከ1750ዎቹ ጀምሮ በሕግ የተፈቀደ ነው። በኅዳር 1780 ኮንዶርካንኪ የአውራጃውን ኮሬሂዶር አንቶኒዮ ደ አርሪያጋን ይዞ በቱንጋሱካ አደባባይ አሰቀለው፤ ስሙንም ቱፓክ አማሩ አለ። ሚታውንና የግድ ሽያጩን ሻረ፤ ከእርሱ ጋር ለሚሰለፉ ባሪያዎችም ነፃነት ዐወጀ። ሚስቱ ሚካኤላ ባስቲዳስ ስንቁንና ደብዳቤውን ታደራጅ ነበር፤ ኩስኮን ቶሎ ያዝ ብላ የጻፈችለት ደብዳቤ ተርፏል። ሁሉም ኩራካ ግን አልተከተለውም። ከጠላቶቹ ጋር ቆመው የወጉት ኩራካዎች ነበሩ፤ የቺንቼሮው ማቴዎ ፑማካዋ አንዱ ነው።

በ18 ግንቦት 1781 በኩስኮ አደባባይ፣ የቀድሞው ቱፓክ አማሩ በተገደለበት፣ እርሱም ሚስቱም ታላቅ ልጃቸው ኢፖሊቶም ተገደሉ። ትንሹ ልጃቸው ፌርናንዶ እንዲያይ ተደረገ፤ ኋላ ወደ ስፔን ተወስዶ እዚሁ ሞተ።

የግድ ሽያጩ ያኔውኑ ተከለከለ። በ1787 ተበዳዩ ሊማ ድረስ እንዳይሄድ ኩስኮ ላይ ፍርድ ቤት ተከፈተ። በውርስ የሚተላለፈው የኩራካነት ሹመት እንዲቀር ታዘዘ። ሚታው ግን አልተነካም፤ በስፔኗ ካዲስ የተሰበሰበው የሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1812 እስኪሽረው ድረስ 31 ዓመት ቆየ።

የሕግ ባለሙያ

በአንድ ልጨምር። ልጅቷ «ከነፃነት በኋላስ?» ማለቷ አይቀርም። ከነባሩ ሕዝብ በነፍስ ወከፍ የሚሰበሰበውን ግብር የነፃነት ጦርነቱ መሪ ቦሊቫር አስቀርቶት ነበር። ፔሩም ቦሊቪያም በ1826 መለሱት። ፔሩ የተወችው በ1854 ነው።